ፊልሙ ያላሳየውን ጭራቅ የሳሉ ሰዎች

አንዲት ግዙፍ ሴት ከፍ ተደርጎ በተሠራ የመኪና መንገድ ላይ እግሯን አንፈራጥጣ ቆማለች። ከሥሯ መኪኖች ይጋጫሉ። ሰዉ እግሬ አውጪኝ ይላል። እሷ ጎንበስ ብላ አንዱን መኪና በእጇ ብድግ አድርጋዋለች።

ይህ «አታክ ኦፍ ዘ ፊፍቲ ፉት ውመን» የተባለው የ1958 የአሜሪካ ፊልም ፖስተር ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴትዮዋ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ሥዕሉ ዛሬም በቲሸርት፣ በስኒ፣ በካፌ ግድግዳ ላይ ታትሞ ይገኛል። ፊልሙን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ፖስተሩን ያውቀዋል።

ፊልሙን ከፍታችሁ ብታዩት ግን ያ ትዕይንት የለም። መንገዱም የለም፣ የመኪኖቹ ትርምስም የለም። ያለው አንድ ትልቅ ሰው ሠራሽ እጅ ነው፤ ሲያዩት ያሳቅቃል። ሌላው ደግሞ ሁለት ምስል በማነባበር የተሠራች ግዙፍ ሴት ናት፤ ከጀርባዋ ያለው ነገር በሰውነቷ ውስጥ አልፎ ይታያል። የፊልሙ ጠቅላላ ወጪ 90 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ማጋጨት የሚታሰብ አይደለም።

የፖስተሩ ሠዓሊ ሬይኖልድ ብራውን ግን ይህ ችግር አልነበረበትም። ብሩሽና ቀለም እስካለው ድረስ የፈለገውን ከተማ ማፍረስ ይችላል፤ ወጪው ያው ነው።

የድሮ ጭራቅ ፊልም ፖስተሮች ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ፖስተሩ ፊልሙን የሚያብራራ ወረቀት አልነበረም። ፊልሙ አቅም አጥቶ ያላሳየውን ነገር የሚያሳይ፣ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፊልሙን ባላየ ሰው ነው። እንዲያውም ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት የተሠራበት ጊዜ አለ።

የአንድ ወረቀት ሸክም

ዛሬ ፊልም የሚተዋወቀው በስልካችን ነው። ቅንጫቢው ይለቀቃል፣ ቲክቶክ ላይ ይዞራል፣ ሳናየው ሰልችቶን ቁጭ ይላል። በ1931 ግን ቴሌቪዥን ቤት አልገባም። የአሜሪካ የሰፈር ሲኒማ ቤቶች ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ፊልም ይቀይሩ ነበር። አላፊ አግዳሚው ማታ ምን እንደሚታይ የሚያውቀው በዋናነት ከጋዜጣና በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ወረቀቱ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የሰውን እግር ካላሰረ ትኬቱ አልተሸጠም ማለት ነው።

ስለዚህ ስቱዲዮዎቹ ለአንድ ፊልም አንድ ፖስተር ብቻ አይሠሩም ነበር። መደበኛው «አንድ ሉህ» የሚባለው ሲሆን 69 በ104 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሦስት ሉህ አለ፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ስድስት ሉህ አለ። ለጎዳና ሰሌዳ የሚሆን 24 ሉህ አለ። አዳራሹ መግቢያ ላይ የሚደረደሩ ትንንሽ ካርቶኖችም አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስምንት ሆነው ነው የሚመጡት። ለየመጠኑ የተለየ ሥዕል ሊሠራ ይችላል። ለአንዱ መጠን ራሱ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ይወጣ ነበር። ሰብሳቢዎች ዛሬ «የድራኩላ ስታይል ኤ»፣ «ስታይል ኤፍ» እያሉ የሚነታረኩት ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ዘዴ ከአሜሪካ በፊት ጀርመን ላይ ተሞክሯል። በ1920 «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ሊወጣ ሲል በርሊን ውስጥ «ካሊጋሪ መሆን አለብህ!» የሚል ፖስተር ተለጠፈ። ካሊጋሪ ማን እንደሆነ የሚናገር ማብራሪያ የለውም። ሰዉ ግራ ገባው፣ ግራ የገባው ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ «ኖስፌራቱ» ሲመጣ አልቢን ግራው የተባለ ሰው የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ሆነ፤ የጭራቁን መልክና አልባሳቱን ነደፈ፤ ፖስተሩንም ራሱ ሳለ። ታሪኩ ያለፈቃድ ከ«ድራኩላ» ልቦለድ የተወሰደ ስለነበር የደራሲው ባለቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱም የፊልሙ ቅጂዎች እንዲጠፉ አዘዘ። ደግነቱ ሁሉም አልጠፉም።

ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ባለቀለም ፖስተር

የዚህ ጥበብ ትልቁ ዘመን ግን የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ነው። በ1931 «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን» በአንድ ዓመት ውስጥ ወጡ። በ1932 «ዘ ማሚ»፣ በ1933 «የማይታየው ሰው» ተከተሉ። በዚያ ጊዜ የስቱዲዮው የማስታወቂያ ሥዕል ክፍል ኃላፊ ካሮሊ ግሮዝ የተባለ ሀንጋሪ የተወለደ ሠዓሊ ነበር። ስለ ሕይወቱ የሚታወቀው ጥቂት ነው። ሥራዎቹ ግን ዛሬ በዓለም ውዶቹ የፊልም ወረቀቶች ሆነዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ፊልሞች በሙሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ተመልካቹ የጭራቁን ቀለም የሚያየው ፖስተሩ ላይ ብቻ ነው። ይህ ማለት የጭራቁን የቆዳ ቀለም የሚወስነው ሠዓሊው ነው ማለት ነው። የፍራንከንስታይን ፍጡር ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አረንጓዴ ፊት ነው አይደል? የ1931ዱ ፊልም ግን የተቀረጸው በጥቁርና ነጭ ነው። ሜካፑን የሠራው ጃክ ፒርስ ፊቱን አረንጓዴ ቅልቅል ያለው ግራጫ ቢቀባውም፣ ያን ያደረገው በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሬሳ ገርጣ ያለ መልክ እንዲሰጠው ብሎ ነው። አረንጓዴው ፊት በየሰዉ አእምሮ የተቀመጠው ከፖስተር፣ ከመጽሔት ሽፋንና ከመጫወቻ ነው።

የ«ዘ ማሚ»ን ፖስተር እንይ። በመግነዣ ጨርቅ የተጠቀለለው ሬሳ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። አጠገቡ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት አለች። «ሕያው ሆነ!» የሚል ጽሑፍ አለ። ሬሳው ወደ ቢጫና ቡኒ የሚያደላ፣ የደረቀ፣ አፈር የመሰለ ነው። የሴትዮዋ ቀይ ደግሞ ሞቅ ያለ ነው። ጭራቁ አይጮኽም፣ አይሮጥም፣ ጥርሱን አያሳይም። ዝም ብሎ ቆሟል። ለእኔ ከዘመኑ ፖስተሮች ሁሉ አስፈሪው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እጆቹ መቼ እንደሚፈቱ አይታወቅም።

እዚህም ቢሆን ውሸት አለ። ጭራቁን የሚጫወተው ተዋናይ ቦሪስ ካርሎፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚታየው ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ቆዳው የተጨማደደ፣ ጠርቡሽ ያደረገ፣ ቁጥብ ግብፃዊ ሆኖ ነው የሚዘልቀው። ያን ሰውዬ ፖስተር ላይ ብታደርጉት ማን ይገባል?

ቀለሙ ለምን እንዲህ ደመቀ?

የእነዚህን ፖስተሮች እውነተኛ ቅጂ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስገርመው ቀለሙ ነው። ዘጠና ዓመት ያለፈው ወረቀት ላይ ቀዩ እስከ ዛሬ ቀይ ነው። ምስጢሩ የኅትመቱ ዘዴ ነው፤ ሊቶግራፍ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ቅባትና ውኃ አይዋደዱም። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሣላል። ድንጋዩ በውኃ ይርሳል። ከዚያ ቅባታማ ቀለም ሲደፋበት፣ ቀለሙ የተሣለበትን ቦታ ብቻ ይይዛል፤ እርጥቡ ቦታ አይቀበለውም። ወረቀት ሲጫንበት ሥዕሉ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ድንጋይ ያስፈልጋል። ለቢጫው አንድ፣ ለቀዩ አንድ፣ ለሰማያዊው አንድ፣ ለጥቁሩ አንድ፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ወረቀቱ በየተራ ያልፋል። በአንዱ ዙር ትንሽ ከተንሸራተተ የሴትዮዋ ከንፈር ጉንጯ ላይ ይወጣል። በ1930ዎቹ ከባዱ ድንጋይ በአብዛኛው በዚንክ ወይም በአሉሚኒየም ሰሌዳ ተተክቶ ነበር፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

እዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሰው አለ። የስቱዲዮው ሠዓሊ የሚያስረክበው አንድ ሥዕል ነው። ያንን ሥዕል ቀለም በቀለም ለያይቶ፣ በትልቅ መጠን፣ በእጁ ሰሌዳ ላይ እንደገና የሚሥለው የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ ነው። ኦሃዮ ክሊቭላንድ ውስጥ የነበረው ሞርጋን ሊቶግራፍ ኩባንያ የዩኒቨርሳልን ጨምሮ ብዙ ፖስተሮች አትሟል። ስለዚህ የግሮዝ የምንለው ጭራቅ ፊት ላይ የስንት ሰው እጅ እንዳረፈ አስቡት። የግሮዝ ስም ቢያንስ ተርፏል። የእነዚያ ግን የለም።

መጀመሪያ ፖስተሩ፣ ከዚያ ፊልሙ

አሁን ወደ 1950ዎቹ እንለፍ። ቴሌቪዥን ቤት ገብቷል። ትልልቅ ሰዎች ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ። ሲኒማ የሚሄደው ጎረምሳው ነው፤ በተለይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፊልም ወደሚታይበት ሜዳ። ጎረምሳው የሚፈልገው ደግሞ ጭራቅ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር፣ በኒውክሌር ጨረር ያበጠ ሸረሪት ነው።

ይህን ገበያ ቀድሞ ያሸተተው አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ ነው። ጄምስ ኒኮልሰንና ሳሙኤል አርኮፍ በ1954 ያቋቋሙት ትንሽ ድርጅት ነበር። የኒኮልሰን አሠራር ግልብጥ ነው። መጀመሪያ የፊልሙን ርዕስ ያወጣል። ከዚያ ፖስተሩን ያሠራል። ርዕሱንና ፖስተሩን ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ያሳያል። ከወደዱት ያኔ ስክሪፕት ይጻፋል። ሙሽሪት ሳትገኝ የሰርግ ካርድ እንደማሳተም ነው። ሠርቶለታል ግን።

ፖስተሮቹን የሚመራው አልበርት ካሊስ የሚባል ሠዓሊ ነበር። ትልልቅ ዓይን፣ ሹል ጥፍር፣ የምትጮህ ሴት፣ ጨለማ ላይ የሚነድ ቢጫና ቀይ። በ1955 የወጣው «ሚሊዮን ዓይን ያለው አውሬ» የዚህን አሠራር ሁሉን ነገር ይነግረናል። ፖስተሩ ላይ የተሣለው አውሬ ብዙ ዓይን ያለው፣ ሴት ላይ ያነጣጠረ አስፈሪ ፍጡር ነው። ፊልሙ ግን ስለማይታይ ኃይል ነበር፤ እንስሳትን እየተቆጣጠረ በእነሱ ዓይን ያያል። አውሬ የሚባል ነገር የለውም። ጭራቁ የታለ? ተባለ። ፖል ብሌይዝዴል የተባለው ባለሙያ በርካሽ አንዲት ትንሽ አሻንጉሊት ሠራ፤ መጨረሻው ላይ ለአፍታ ብቅ እንድትል ተደረገ። ሚሊዮን ዓይን ቀርቶ ሁለቱም በቅጡ አይታዩም።

ይህን አጭበርባሪነት ማለት ይቻላል፤ ተመልካቹ ግን ያን ያህል የተታለለ አይመስለኝም። ጎረምሶቹ ፖስተሩ እንደሚያጋንን ያውቁ ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለው የሚገዙት ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ፖስተሩ ፊት ቆመው የተሰማቸውን ስሜትም ጭምር ነው።

እንግሊዞቹም አልቦዘኑም። የሐመር ፊልምስ ኃላፊ ጄምስ ካሬራስ ርዕስና ሥዕል ይዞ ወደ አሜሪካ አከፋፋዮች ይሄድ ነበር። ለዚህ ሥራ ከሚጠሩት መካከል ቶም ቻንትሬል ይገኛል፤ በሕይወቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖስተሮች ሠርቷል።

ሬይኖልድ ብራውን

አሁን ወደ ግዙፏ ሴት ሠዓሊ እንመለስ። ከዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ብራውን በ1917 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። ወጣት ሳለ የጋዜጣ ካርቱን ላይ ሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን የአውሮፕላን የውስጥ ክፍሎችን የሚያሳዩ ቴክኒካዊ ሥዕሎች ይሥል ነበር። ይህ ልምድ በኋላ ጭራቆቹ ላይ ይታያል። የብራውን ጭራቅ ክብደት አለው። ክንዱ ትከሻው ውስጥ የት ጋ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። መኪና ሲያነሳ መኪናው ይከብደዋል።

ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለዩኒቨርሳልና ለሌሎች ስቱዲዮዎች ፖስተር ሠራ። «የጥቁሩ ሐይቅ ፍጡር» በ1954፣ «ታራንቱላ» በ1955፣ «እየኮሰመነ የሄደው ሰው» በ1957 የእሱ ናቸው። የጭራቅ ሠዓሊ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ «ቤን ሁር» ላይም እጁ አለበት። ጎን ለጎን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሥዕል ኮሌጅ ያስተምር ነበር።

የ«የጥቁሩ ሐይቅ ፍጡር»ን ፖስተር ጠጋ ብላችሁ እዩት። ግማሽ ዓሣ፣ ግማሽ ሰው የሆነው ፍጡር ውኃ ውስጥ ሴትዮዋን ይዟታል። እዚህ ጋ ከባዱ ነገር ውኃው ነው። ውኃ ውስጥ ያለ አካል ጥርት ብሎ አይታይም፤ ፖስተር ላይ ያለ አካል ግን ከመንገዱ ማዶ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ብራውን ቅርፊቱን አንድ በአንድ ሳለ፤ ውኃውን ግን በብርሃንና በቀለም ብቻ አስመሰለው። ሴትዮዋ በደማቁ ብርሃን፣ ፍጡሩ በጥላው። ዓይናችሁ መጀመሪያ እሷ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ የያዛትን ያያል። ያቺ የሰከንድ መዘግየት የሠዓሊው ሥራ ናት።

ጭራቅ ሴት ተሸክሞ ሲሄድ የሚያሳየው ሥዕል በዘመኑ እንደ ማኅተም ነበር፤ ቢመለከትም ባይመለከትም ይመታል። «ፎርቢደን ፕላኔት» የ1956 ፊልም ነው። ፖስተሩ ላይ ሮቢ የተባለው ሮቦት ራሷን የሳተች ሴት ታቅፎ አስፈሪ ሆኖ ቆሟል። ፊልሙ ውስጥ ሮቢ ጨዋ፣ ታዛዥ፣ ልብስ ሰፊ፣ ምግብ አቅራቢ ነው። ሴትዮዋን ሊያስፈራራት ቀርቶ ቀሚስ የሚሠራላት እሱ ነው።

ብራውን በ1976 በስትሮክ ተመታ፤ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ሠዓሊ የነበረችው ባለቤቱ እየረዳችው ቀስ በቀስ ወደ ሥዕል ተመለሰ። በኋላ ወደ ኔብራስካ ሄደው እዚያ የገጠር መልክዓ ምድር ይሥል ነበር። በ1991 አረፈ።

ስማቸው የት ገባ?

ብዙዎቹ ፖስተሮች ላይ የሠዓሊው ፊርማ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሥዕሉ የስቱዲዮው ንብረት ነው። ሠዓሊው ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። ኦሪጅናል ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ማንም አይፈልገውም ነበር፤ ብዙው ተጥሏል። ዛሬ ተመራማሪዎች «ይህ የእገሌ እጅ ነው» የሚሉት የአሣሣል ስልትን እያነጻጸሩ ነው።

ይህ ፖስተር ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አልነበረም። የጥቁሩን ሐይቅ ፍጡር መልክ የነደፈችው ሚሊሰንት ፓትሪክ ነበረች። ስቱዲዮው ለማስታወቂያ በየከተማው አዞራት። የሜካፕ ክፍሉ ኃላፊ ቡድ ዌስትሞር ግን ምስጋናው ለእኔ ይገባል ብሎ ቀናባት፤ ሥራዋንም አጣች። ስሟ ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ከዚህ የሸሸ አንድ ሰው አለ፤ ባሲል ጎጎስ። ግብፅ ውስጥ ከግሪክ ቤተሰብ ተወልዶ በ16 ዓመቱ አሜሪካ የገባ ሠዓሊ ነው። ፖስተር ሳይሆን የመጽሔት ሽፋን ነው የሚሠራው። ከ1960 ጀምሮ «ፌመስ ሞንስተርስ ኦፍ ፊልምላንድ» ለተባለው የልጆችና የወጣቶች መጽሔት ሳለ። የሚሰጠው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። እሱ ግን ከግራ አረንጓዴ፣ ከቀኝ ሐምራዊ፣ ከሥር ቢጫ መብራት የበራበት አስመስሎ ይቀባዋል። ካርሎፍን ከጭራቅነት ይልቅ እንደ አዘነ ሰው አድርጎ የሳለው እሱ ነው። በእነዚያ ሽፋኖች ያደጉ ልጆች በኋላ ፊልም ሠሪና ሰብሳቢ ሆኑ፤ ስሙንም ይዘውት አደጉ።

ከቆሻሻ ወደ ጨረታ

ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት የት ሄደ? ፖስተር ለአንድ ሳምንት የሚሆን ዕቃ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ተከራይቶ ይወስደዋል፤ ከተረፈ ይመልሰዋል፤ ለሚቀጥለው ከተማ ይላካል። በሙጫ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ላዩ ላይ ሌላ ይለጠፍበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሮጌ ወረቀት በዘመቻ ተሰበሰበ። በሺዎች ከታተሙት ለአንዳንዱ ፊልም ሁለት ሦስት ቀርተዋል፤ ለአንዳንዱ አንድ።

የተረፉትም የተረፉት በአጋጣሚ ነው። የ«ፍራንከንስታይን» ሦስት ሉህ ፖስተር አንድ ቅጂው ብቻ ነው የሚታወቀው። በ1970ዎቹ ሎንግ አይላንድ ውስጥ በሳንቃ ከተዘጋ የሲኒማ ማጫወቻ ክፍል ተገኘ፤ በ2015 ከ358 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። በ2011 ፔንስልቬኒያ ውስጥ በርዊክ በምትባል ከተማ የተገኙት 33 ፖስተሮች ደግሞ በግድግዳ ወረቀት ሙጫ አንድ ላይ ተጣብቀው ነበር። አንድ ጥቅል ሆነው በአካባቢው ጨረታ በ30 ሺህ ዶላር ተሸጡ። ገዢዎቹ በጥንቃቄ አንድ በአንድ አላቀቋቸው። በቀጣዩ ዓመት ዳላስ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አወጡ። ከመሀላቸው አንዱ የ«ድራኩላ» ፖስተር ብቻውን 143,400 ዶላር ሄዷል።

ሌሎቹን ዋጋዎች በአጭሩ ላንሳ። «ዘ ማሚ» በ1997 በ453,500 ዶላር ተሸጦ በጊዜው ሪከርድ ሰበረ። የ«ሜትሮፖሊስ» ፖስተር፣ ጀርመናዊው ሃይንትስ ሹልትስ ኖይዳም የሳለው፣ በ2005 በ690 ሺህ ዶላር ሄደ። «ድራኩላ» በ2017 525,800 ዶላር። ነገር ግን ገበያው ሁልጊዜ አይታዘዝም። በ2018 አንድ የ«ዘ ማሚ» ፖስተር ሚሊዮን ዶላር ያልፋል ተብሎ ለጨረታ ቀርቦ ገዢ አላገኘም። ባለቤቱ ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ኪርክ ሐሜት ነበር። ስብስቡ በ2017 ማሳቹሴትስ ውስጥ በሴለም ከተማ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን «ሎንደን አፍተር ሚድናይት» ነው። በ1927 የተሠራ፣ ሎን ቼኒ የተወነበት ፊልም ነው። የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1960ዎቹ በኤምጂኤም ስቱዲዮ መጋዘን በተነሳ እሳት ተቃጠለ። ዛሬ ፊልሙን ማየት የሚችል ሰው የለም። አንድ ፖስተሩ ግን ተርፎ በ2014 478 ሺህ ዶላር አወጣ። ፊልሙን ለመሸጥ የታተመው ወረቀት ራሱ ፊልሙን ተክቶ ቀረ።

ገንዘብ ባለበት ደግሞ ሐሰተኛ አይጠፋም። የድሮ ሊቶግራፍን በማጉያ መነጽር ብታዩት የእርሳስ ዓይነት ሻካራ ነጠብጣብ ታያላችሁ። የዘመኑ ኅትመት ግን በሥርዓት የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች አሉት። በዚያ ዘመን አንድ ሉህ ፖስተር ታጥፎ ነበር የሚላከው፤ ያልታጠፈ የ1930ዎቹ ፖስተር ካጋጠማችሁ ቢያንስ ጥያቄ ጠይቁ። የተጎዳውን ጨርቅ ላይ ለጥፎ ቀለሙን መጠገን የተለመደ ነው። ግማሹ እንደገና ከተቀባ ግን የድሮ ፖስተር ነው ወይስ አዲስ ሥዕል የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። እኔ በበኩሌ ቀዳዳውን እንዳለ ብመለከተው እመርጣለሁ።

ብሩሹ የት ሄደ?

በ1980ዎቹ ፎቶግራፍ የሠዓሊውን ቦታ ወሰደ። ከመጨረሻዎቹ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ የ1982ቱ «ዘ ቲንግ» ነው። ሠዓሊው ድሩ ስትሩዛን ፊልሙን አላየውም። በስልክ ጥቂት ነገር ተነገረው። ወፍራም የበረዶ ካፖርት ለብሶ ራሱን ፎቶ አስነሳ፤ ሌሊቱን ሲሥል አደረ። ፊት በሚገባበት ቦታ ብርሃን ብቻ ያለው ሰው ሆነ። ጠዋት መልእክተኛው ሲመጣ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

አሜሪካ ሲተወው ሥዕሉ ጋና ላይ ተነሳ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር መኪና ላይ ጭነው ከከተማ ከተማ ፊልም የሚያሳዩ ነጋዴዎች ነበሩ። የእኛ አገር ቪዲዮ ቤቶች በር ላይ የፊልሙን ስም በእጅ ጽፈው ያቆሙ እንደነበረው ሁሉ፣ እነሱም ማስታወቂያ ያስፈልጋቸዋል። የጋናዎቹ ግን በጽሑፍ አላበቁም። የዱቄት ጆንያ ፈትተው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተው፣ በዘይት ቀለም ፖስተር አሣሉ። ተጠቅልሎ ይሸከሙታል፤ በየደረሱበት ይሰቅሉታል። ሠዓሊው ፊልሙን ያላየበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብ ይጨምራል፣ የራስ ቅል ይጨምራል፣ ደም አይቆጥብም።

ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባና የታተመ ፖስተር ሲረክስ ያ ገበያም ቀዘቀዘ። ጆንያዎቹ ግን በምዕራባውያን ሰብሳቢዎች እጅ ገቡ፤ ቺካጎ ውስጥ ይህንኑ የሚሸጥ ጋለሪ አለ። አንዳንዶቹ ሠዓሊዎች ዛሬም በትዕዛዝ ይሥላሉ። ደንበኛው የቤተሰብ ኮሜዲ ቢያዝ እንኳ ብዙ ጊዜ አንድ የተቆረጠ ጭንቅላት ጣል ማድረጋቸው አይቀርም።